ስለ አጭር መልስ ጥያቄና ስለ አራሚው ፍርድ

ስለ ፈተና የተጻፈውን ሁሉ መዘርዘር የዚህ መጣጥፍ ዓላማ አይደለም፤ ብሎምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ባሳተሙት የትምህርት ግቦች ምደባ ማወቅን ከመረዳት መለየታቸው የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከእነርሱም ጋር ሙግት ስለሌለኝ፣ ስማቸውን ጠርቼ አልፋለሁ።

ሙግቴ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስታርችና ኤልየት ካወጡት ጥናት በተወሰደው ፍርድ ላይ ነው። በ1912 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን ለመምህራን አድለው ቢያሳርሙ፣ አንዱ ወረቀት ከ142 አራሚዎች ከ64 እስከ 98 የሚደርስ ነጥብ አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ቢልኩ ልዩነቱ ይብስ ሰፋ፤ ከ30 በታች የሰጡም ከ90 በላይ የሰጡም ተገኙ። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ተማሪው በገዛ ቃሉ የጻፈው መልስ በቅን ሚዛን ሊመዘን አይችልም አሉ፤ የምርጫ ጥያቄንም ከፍ ከፍ አደረጉ። ነገር ግን አራሚዎቹ የተጠየቁት እያንዳንዳቸው በየትምህርት ቤታቸው ልማድ እንዲያርሙ ነበር፤ አንዱ ለጽሕፈት ንጽሕና ነጥብ ሲቀንስ ሌላው አልቀነሰም። እንግዲህ የተለካው የጋራ ሥርዓት መጥፋቱ እንጂ የአጭር መልስ ድካም አይደለም።

ነገሩ በአንድ ጥያቄ ይታይ። «የዓባይ ውሃ በክረምት የሚደፈርስበትን ምክንያት አብራራ (2 ነጥብ)» ቢባል፣ «ዝናብ ስለሚዘንብ» ያለው ተማሪ እውነት ተናግሯል፤ ግን ምክንያቱን ጠቀሰ እንጂ አላብራራም። «ኃይለኛው ዝናብ የደጋውን አፈር እየሸረሸረ፣ ጎርፉም ወደ ወንዙ ስለሚያወርደው» ያለው ግን ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር አያይዟልና ሁለቱም ነጥብ ይገባዋል። ስለ ወንዙ ርዝመትና ስለ ጣና አንድ ገጽ የሞላው ደግሞ ያልተጠየቀውን መለሰ። ጥያቄው «ጥቀስ» ቢል ኖሮ የመጀመሪያው ይበቃ ነበር፤ ስለዚህ ተፈታኙ ብዕሩን ሳያነሣ ትእዛዙንና የነጥቡን ልክ ይመልከት።

ለአራሚዎች የጋራ ሥርዓት የፈተና ጸሐፊዎች የዘነጉት ምንጭ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አንድምታው፣ ነው። የትርጓሜ ጉባኤ ሊቃውንት «ምነው ቢሉ» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለተጠየቀው ብቻ ባጭሩ ይመልሳሉ፤ ሌላም ተገቢ ፍች ሲኖር «አንድም» ብለው ከፊተኛው አጠገብ ያኖሩታል። አራሚው ሊይዘው የሚገባው የመልስ መዝገብ እንዲህ ያለ ነው፦ ዋናው መልስ፣ ተቀባይነት ያለው ተለዋጭ፣ ለእያንዳንዱም የሚገባው ነጥብ። የትርጓሜ ጉባኤ ለፈተና አልተሠራም፤ ይህንም አምናለሁ፤ ሥርዓቱ ግን ለፈተና ይበቃል።

መዝገቡ የመምህሩን ፍርድ ያስራል የሚሉ አሉ። ያልታሰረ ፍርድ ምን እንደሚያደርግ የጂኦሜትሪው ወረቀት አሳይቷልና በዚህ አልዘገይም። ፈታኞች ሆይ፣ ጥያቄው ከመታተሙ በፊት መልሱን ከነተለዋጩ በእጃችሁ ጻፉት፤ መጻፍ ያቃታችሁን ጥያቄ ለተማሪ አታቅርቡ።