ጨለማ ውስጥ ነህ? ጨለማ ውስጥ ነሽ?

አንድ ነጭ ቤት ትዝ ይለኛል። በሩ በሳንቃ ተመትቷል፤ ፊት ለፊቱ ትንሽ የፖስታ ሳጥን ቆማለች። ከሥሩ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ መብራት ይዤ፣ ጎጆ ውስጥ የተዘጋች ወፍ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ፤ ወደፊት እንዳልራመድ ግን ትልቅ እባብ መንገዱን ዘግቶታል። ይህን ሁሉ በዓይኔ አላየሁትም። በጥቁር መስኮት ላይ በአረንጓዴ ፊደል ተጽፎ ያነበብኩት ነው።

ጊዜው 1981 ዓ.ም. ክረምት ነበር። አጎቴ በሒሳብ ሠራተኛነት በሚሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒዩተር ነበርና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትርፍ ሥራ ሲኖረው እኔንና የአክስቴን ልጅ ከሃያ ሁለት ይዞን ይሄዳል። እሱ ወረቀቱን ሲያገላብጥ እኛ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ትቶት የሄደውን ዲስኬት እንከታለን። ጨዋታው ሥዕል የለውም። የቆምክበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግርህና ምን እንደምታደርግ እስክትጽፍለት ይጠብቃል። ትእዛዝህ ካልገባው አልገባኝም ይልሃል። እንግሊዝኛችን የስምንተኛ ክፍል ቢሆንም ለነገሩ እንግዶች አልነበርንም፤ እንቆቅልሽ ነበርና። እባቡን ግን ማለፍ አቃተን። መታነው፣ ምግብ ወረወርንለት፣ በመጨረሻ በአማርኛ ሰደብነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነጩን ቤት ፍለጋ ተነሣሁ። የነገርኩት ሁሉ «ዞርክ ነው» አለኝ። እውነትም ዞርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. አራት ወጣቶች የጀመሩት። አግኝቼ ስጫወተው ቤቱም ሳጥኑም አሉ። መንገድ የዘጋው እባብ ግን የለም! አእምሮዬን እስክጠራጠር ድረስ ፈለግሁት።

እባቡ የተገኘው በዞርክ ታላቅ ወንድም ቤት ነው። ዊል ክራውዘር የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ ዋሻ መሰርሰር የሚወድ ሰው ነበር፤ ኬንታኪ ውስጥ ያለውን ረጅም ዋሻ ከባለቤቱ ጋር ሆነው ካርታ አንሥተውለታል። ትዳራቸው ሲፈርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 እና 1976 ገደማ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹ እንዲጫወቱበት ያን ዋሻ በቃላት ሠራው። በ1977 ዶን ዉድስ የሚባል የስታንፎርድ ተማሪ አስፋፋው፤ ስሙም «አድቬንቸር» ሆነ። የክራውዘር የመጀመሪያ ጽሑፍ ጠፋ ተብሎ ሲታዘንለት ኖሮ፣ በ2005 ዉድስ በተማሪነቱ ይጠቀምበት ከነበረው የኮምፒዩተር መዝገብ መጠባበቂያ ውስጥ ወጣ። እኔ እንግዲህ ሁለት ጨዋታ አቀላቅዬ፣ ነጩን ቤት በኬንታኪ ዋሻ ላይ ገንብቼ ስኖር ኖሬአለሁ። እባቡን የምታባርረው ደግሞ ወፏ ናት። ጎጆውን ከፍቶ መልቀቅ ብቻ ነበር። በእጃችን ይዘናት ቆመን ነበር!

ዞርክን ለገበያ ያቀረበው ኢንፎኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲቋቋም አንድ ጭንቀት ነበረበት፤ የቤት ኮምፒዩተሮች ብዙ ዓይነት ናቸው፣ እርስ በርስም አይግባቡም። ስለዚህ የትም የሌለ ማሽን በሐሳብ ፈጠሩና ጨዋታውን ለእሱ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም ይበቃዋል። የኩባንያው ቢሮ በ1989 ተዘጋ፤ የዚያን ዘመን ጨዋታ ግን ዛሬ በኪስ ስልኬ እከፍተዋለሁ።

የራሳችንን ግን መክፈት አልቻልኩም።

በ1984 ዓ.ም. እኔና የአክስቴ ልጅ የአማርኛ ጨዋታ ልንሠራ ተነሥተን ነበር። መነሻው ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ 22 ቁጥር አውቶቡስ ይዞርበት የነበረው ቦታ ነው። ገና ስንጀምር አቅጣጫ አስቸገረን። የፈረንጁ ጨዋታ ሰሜን ደቡብ ይላል፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን «ወደ ላይ፣ ወደ ታች» ነው የሚለው። ቀጥሎ ግሡ መጣ። እንግሊዝኛው ግሡን ከፊት ያደርጋል፤ የእኛ «መብራቱን አብራ» ነውና ማሽኑ መጨረሻውን ማየት አለበት። ትልቁ ጠብ ግን ሌላ ነበር። እኔ «ጨለማ ውስጥ ነህ» ብዬ ስጽፍ እሷ አኮረፈች። «እኔ ስጫወትስ?» አለችኝ። እንግሊዝኛው ወንድና ሴት ሳይለይ አልፎታል፤ አማርኛ እንዲህ ያለ መሸሻ የለውም። በእርስዎ እናድርገው ብል «ሽማግሌ ነው እንዴ የሚጫወተው?» አለች። እናም ቦታውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፍነው፤ አንዱን በነህ፣ ሌላውን በነሽ። ፕሮግራሙ በቤዚክ ተጀምሮ ቀረ፤ የቦታዎቹ መግለጫ ግን በአማርኛ መጻፊያ ተተይቦ በዲስኬት ተቀምጧል።

ዲስኬቱ ከተገለበጠ በኋላ የታየኝ የጥንቆላ ክታብ የሚመስል ምልክት ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ ብቻውን 231 ይሆናል፣ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሳይጨመር፤ እንግሊዝኛውም የራሱን ቦታ ይዟል። ፍሥሐ አጥላው አሜሪካ ሆነው ዳሸንን ከሠሩበት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እየተከተሉ መጡ፤ ፊደሉን የሚያሰፍሩበት ቦታ ግን ለየብቻ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። አንድ የጋራ ቦታ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶችን ሲያስገባ ነው። ባለሙያዎቹን አልወቅስም፤ ፊደሉን መስኮት ላይ ማውጣቱ ራሱ ተአምር ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተየብነው ደብዳቤ፣ ግጥምና ቃለ ጉባኤ ስንቱ በየመሳቢያው ክታብ ሆኖ ተቀምጦ ይሆን?

የመጻፊያችንን ስም ሁለታችንም ረስተነዋል። ያዳነኝ ያ ጠብ ነው። ምልክቶቹን ሳስተውል ጥንድ ጥንድ አንቀጾች አየሁ፤ እዚህም እዚያም ከአንዲት ምልክት በቀር ሁሉ ነገራቸው አንድ ነው። የምትለያየው ምልክት አንዱ ጋ «ህ»፣ ሌላው ጋ «ሽ» መሆን አለባት! ከእሷ በፊት ያለችው «ነ» ናት። «ሽ» ከተገኘች «መሸ» አይርቅም፤ አንዱ ፊደል ሌላውን እየጎተተ በሦስት ሳምንት ምሽት አብዛኛው ተነበበ። «ሃያ ሁለት ማዞሪያ ቆመሻል። መሽቷል። አውቶቡሱ ሄዷል።» ዝቅ ብሎ ደግሞ የቀበና ድልድይ ላይ ጅብ ቆሟል። ጅቡ በምን እንደሚታለፍ ግን አልተጻፈም፤ መልሱ በጠፋው የቤዚክ ፕሮግራም ውስጥ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ካገር ከወጣች 20 ዓመት አልፏታል። ደወልኩላት። ጅቡን በምን እናሳልፈው እንደነበር ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች።

«እንቆቅልህ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ።»

አንድ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሥጋ አልኩ፣ እሳት አልኩ። አይደለም።

«እንግዲያው አገር ስጠኝ።»

ሃያ ሁለትንማ አልሰጥም፤ መገናኛን ሰጠኋት። አነሰኝ አለች።