ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ዋግ የማናወራው ለምንድን ነው?

ጀሞም ሆነ ለቡ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት ደጃፍ የሚሰለፍ ሰው የሚያወራው ስለ ዋጋ ነው። ስለ ዋግ የሚያወራ የለም። ስንዴውን የሚያመርቱት የአርሲና የባሌ ገበሬዎች ግን ሁለቱን ነጥለው አያዩም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2013 መኸር ባሌ ላይ የደረሰውን እናስታውስ። ዲጋሉ የሚባለው የዳቦ ስንዴ ዝርያ ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው በ2005 ነበር። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ጋላማን ሲያወድም ዲጋሉ ቆሞ ታየ። ገበሬውም ፊቱን ወደ እሱ አዞረ፤ ማን ይፈርድበታል? ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቶ ዓለምን ያስደነገጠውንና በ2003 ኢትዮጵያ የደረሰውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። በጥቂት ዓመታት ሰፊ ማሳ ሸፈነ። በ2013 መጨረሻ ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጣ። ከአሥር ሺህ ሄክታር በላይ ተመታ፤ አንዳንዱ ማሳ ለአጨዳ የሚሆን ፍሬ እንኳ አልተረፈውም።

ዲጋሉ ምን ነካው? ይህን ለመረዳት ተክል ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ማየት ያስፈልጋል።

ተክል በደም የሚዘዋወር ወታደር የለውም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ዘበኛ ነው። በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች የፈንገስ ግድግዳ የተሠራበትን ካይቲን ሲያገኙ ማንቂያ ይሰጣሉ። ዋግ ይህን አጥር ማለፍ ለምዷል። ሥር መሰል መምጠጫውን ወደ ሕዋሱ ሰድዶ መከላከያውን የሚያደነዝዙ ፕሮቲኖች ይለቅበታል። ሁለተኛው ዘብ ያለው እዚህ ነው፦ ሕዋሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ተቀባዮች ከእነዚያ ፕሮቲኖች አንዱን ከለዩ ሕዋሱ ራሱን ይገድላል። ዋግ የሚኖረው ሕያው ሕዋስ እየመጠጠ ስለሆነ ሕዋሱ ሲሞት ቀለቡ ይቋረጣል። ቅጠሉ ላይ የምትቀረው ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት። አሠራሩ በግልጽ የታየው በቅርቡ ነው። በ2022 ተመራማሪዎች ኤስአር35 የተባለው የስንዴ ተቀባይ የዋጉን ፕሮቲን ሲይዝ አምስት ሆኖ እንደ መንኮራኩር እንደሚገጣጠምና ካልሲየም ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን ቀዳዳ እንደሚከፍት አሳዩ።

የዚህን ትግል ሕግ ግን ሃሮልድ ፍሎር የተባለ አሜሪካዊ በ1940ዎቹ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ደርሶበት ነበር፤ ያኔ ተቀባይ የሚባለውን ፕሮቲን ያየ አልነበረም። ለተክሉ አንድ የመቋቋም ጂን በዋጉ በኩል አንድ ተዛማጅ ጂን አለ። ዋጉ ያችን አንዷን ከለወጠ ወይም ከጣለ ዘበኛው ዕውር ይሆናል። ዲጋሉ የግንድ ዋግን ለመከላከል የተመካው በዋናነት ኤስአርቲኤምፒ በሚባል አንድ ጂን ላይ ነበር። አዲሱ ዘር ደግሞ ይህን ጂን ያልፋል። ሳይንቲስቶች ያንን ዘር ዛሬ «የዲጋሉ ዘር» ይሉታል፤ ዝርያው ስሙን ለገዳዩ አወረሰ ማለት ነው። በዚያው በ2013 እንግሊዝ አገር ሰፎክ ውስጥ ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ የግንድ ዋግ የታየባት አንዲት የስንዴ ተክል የተመታችውም በዚሁ ዘር ነበር።

ይህ አዲስ ስህተት ቢሆን ኖሮ ይቅር በተባለ። በ1993 እና 94 እንኮይ የተባለው ዝርያ በግንድ ዋግ ሲወድቅ አገሪቱ ይህንኑ ትምህርት ተምራ ነበር። አንድ ዝርያ ሲሳካ ለሁሉም ማከፋፈል ለዘር አቅራቢውም ለሪፖርት ጸሐፊውም ይቀላል። ለዋግም ይቀለዋል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስቆጨው የዱረም፣ ማለትም የማካሮኒ ስንዴ፣ ታሪክ ነው። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴዋን ብዝኃነት አይቶ ተደንቋል። በ1953 እና 54 ደግሞ 15ቢ የተባለ የግንድ ዋግ ዘር የሰሜን አሜሪካን ዱረም አብዛኛውን ሲያጠፋ አዳቃዮች መድኃኒት ፍለጋ የዓለምን ዘር አገላበጡ። ካገኟቸው አንዱ ኤስቲ464 የሚል ቁጥር የተሰጠው የኢትዮጵያ ገበሬ ዘር ነበር። ቁጥሩ ቀረ፤ ስሙ ቀረ ማለት ግን አይደለም። ከእሱ የተወሰደው ኤስአር13 የተባለው ጂን በ1960ዎቹ ሊድስ በተባለው የሰሜን ዳኮታ ዱረም ገባ። በ2017 ጂኑ ተነጥሎ ሲታይ ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት የሕዋስ ውስጥ ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ዩጂ99ንም ይቋቋማል።

ጂኑ የተረታው ደግሞ በትውልድ አገሩ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት፣ ደብረ ዘይት በሚገኘው የዋግ መፈተኛ ማሳ ኤስአር13ንና ኤስአር9ኢ የተባለውን ሌላ ጂን በአንድ ላይ የሚያልፉ ዘሮች መገኘታቸው ተገለጸ። ብዙም አይገርምም፤ ከዱረም ጋር ለዘመናት አብሮ የኖረ ዋግ የቤቱን መግቢያ ቢያውቅ ማን ያውቅ?

ለዚህም ነው አዳቃዮች አሁን በአንድ ዝርያ ውስጥ ብዙ ጂኖችን ለመደራረብ የሚደክሙት። የቀድሞው ገበሬ በአንድ ማሳ የተለያየ ዘር ቀላቅሎ ሲዘራ ዋጉ አንዱን ቢያልፍ ሌላው ይይዘው ነበር። ከንፋስ ስልክ ብዙም በማይርቀው ደብረ ዘይት ዛሬም ከብዙ አገር የመጣ የዱረም ዘር ይዘራል፤ ሆን ተብሎም ዋግ ይረጭበታል፤ የቆመው ይመረጣል።