የጥገና ሠንጠረዥ ታሪክ፦ የቤንዚን የጎልፍ ጋሪ እንደ ምሳሌ

ማንኛውም ተሽከርካሪ ከፋብሪካው ሲወጣ ሁለት ነገሮች አብረው ይወጣሉ። አንደኛው ብረቱ ነው፤ ሁለተኛው የዘወትር ጥገናውን የሚያዝዘው ሠንጠረዥ ነው። በየቀኑ ምን እንደሚታይ፣ ከስንት ሰዓት ሥራ በኋላ ምን እንደሚለወጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ምን ተፈትቶ እንደሚጸዳ የሚዘረዝረው ይህ ወረቀት በጋራዥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዘይትና አቧራ ሲጠጣ ይኖራል እንጂ እንደ ታሪክ ሰነድ ቆጥሮ የሚመረምረው ሰው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ በእርግጥ የታሪክ ሰነድ ነው። አብዛኛው መስመር የተጻፈው አንድ ክፍል በአንድ ወቅት ከተሰበረ፣ ከተቃጠለ ወይም ከተጣበቀ በኋላ ነውና። በጥንቃቄ ላነበበው ሰው መሐንዲሱ ለአንድ ችግር መፍትሔ ባገኘ ቁጥር የጥገናው ሸክም ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደተዛወረ ያሳያል።

ለዚህ አባባል በጎልፍ ሜዳ የሚሽከረከረው ባለ ቤንዚን ሞተር ጋሪ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጋሪው ትንሽ ነው፤ ሁለት ሰዎችን ከነመጫወቻ ቦርሳቸው ከማጓጓዝ ያለፈ ብዙ ግዳጅ የለበትም፤ ለሜዳ ሥራ የተሠራው በጠፍጣፋ መሬት ላይ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ሆኖ ነው። ነገር ግን ከ1960ዎቹ ወዲህ በትንሽ ሞተር ቴክኒክ የታዩት ዋና ዋና ለውጦች በዚህ አነስተኛ አካል ውስጥ ተራ በተራ አልፈዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

የሁለት ምት ሞተር ዘመን

የጎልፍ ጋሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ በአብዛኛው በባትሪ የሚሠራ ነበር። በ1954 ቤቨርሊና ቢሊ ዶላን የተባሉ ወንድማማቾች በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ ያቋቋሙት ኢ-ዚ-ጎ የተባለው ኩባንያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የባትሪው ጋሪ ድምፅና ጭስ ባይኖረውም ኃይሉ ሲያልቅ ለብዙ ሰዓት ከመሙያ ጋር ታስሮ መቆም ነበረበት፤ ዳገትም ይፈትነው ነበር። የቤንዚን ጋሪ ግን በጥቂት ደቂቃ ተቀድቶለት ወደ ሥራው ይመለሳል። በሞተር ብስክሌቶቹ የታወቀው ሃርሊ-ዴቪድሰን በ1963 ወደዚህ መስክ ሲገባ ካቀረባቸው ጋሪዎች አንዱ ሦስት ጎማ ያለውና በ245 ሲሲ፣ ባለ ነጠላ ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚነዳው ነበር። ኩባንያው እስከ 1982 ድረስ በዚሁ ሥራ ቆይቷል።

የሁለት ምት ሞተር ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጆሴፍ ዴይ ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ሠርቶ በ1891 በፓተንት ያስመዘገበው ሞተር ዋና ጥበብ ከፒስቶኑ በታች ያለውን የክራንክ ቤት እንደ ፓምፕ መጠቀሙ ነው። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ወደ ክራንክ ቤቱ ይገባል፤ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ድብልቁን እየገፋ በሲሊንደሩ ጎን በተከፈተው ቀዳዳ ወደ ላይ ያስተላልፈዋል። በዚህ ዘዴ ቫልቭ ከነሞላውና ከነማንቀሳቀሻው ቀረ፤ ሞተሩም ቀላልና ርካሽ ሆነ።

ሆኖም ድብልቅ የሚመላለስበት ክራንክ ቤት ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ መምጣቱ ግድ ሆነ። ቫልቭን ያስቀረው ይኸው ጥበብ የሞተሩን ሕይወት ከሜካኒኩ እጅ አውጥቶ በቤንዚን ቀጂው እጅ ላይ ጣለው ማለት ነው። ዘይቱ ቢያንስ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ቢበዛ ካንዴላው በጥቀርሻ ይሸፈናል፤ የጭስ መውጫው ቀዳዳና ማርሚታውም በከሰል ይጠባሉ። ስለሆነም በዚያ ዘመን ሠንጠረዥ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዙት ሦስት ተግባራት ነበሩ፤ ይኸውም ድብልቁን በልክ ማድረግ፣ ካንዴላ ማጽዳትና በተወሰነ ጊዜ የሲሊንደሩን ክዳን ከፍቶ ከሰሉን መፋቅ ነው።

ያማሃ በ1964 በሞተር ብስክሌቶቹ ላይ ያመጣው አውቶሉብ የተባለ ዘዴ ከእነዚህ የመጀመሪያውን ሊያስቀር የታሰበ ነበር። ዘይቱ በራሱ ዕቃ ይቀመጥና ትንሽ ፓምፕ እንደ ሥራው ክብደት እየመጠነ ይሰጠዋል። ይህን የመሰለው ዘዴ በኋላ በኩባንያው የጎልፍ ጋሪ ላይም ዋለ። ዘይትና ቤንዚን መደባለቅ ከሠንጠረዡ ተፋቀ፤ በምትኩ ግን የዘይቱን ዕቃ መመልከትና የፓምፑን ልክ መፈተሽ የሚሉ መስመሮች ገቡ። ባዶ መሆኑ የተረሳ የዘይት ዕቃ የሚያስከትለው ጥፋትም ቀድሞ መደባለቁ የተረሳ ቤንዚን ያስከትል ከነበረው አያንስም።

ወደ ኋላ የሚዞር ሞተር

የሃርሊው ጋሪ ሌላም የሚደነቅ ጠባይ ነበረው። የሁለት ምት ሞተር ቀዳዳዎች በፒስቶኑ ብቻ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሆኑ ጊዜ ሞተሩ በየትኛውም አቅጣጫ ሊዞር ይችላል። በዚህም በመጠቀም ጋሪው ወደ ኋላ እንዲሄድ ሲፈለግ የኋላ ማርሽ አያስፈልገውም ነበር፤ ሞተሩ ራሱ ተገልብጦ እንዲነሣ ይደረግ ነበር እንጂ። ነገር ግን እሳቱ በሁለቱም አቅጣጫ ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት አስቀድሞ መፈንጠቅ ስላለበት፣ አንዱ ለፊት ሌላው ለኋላ የሚሆን ሁለት ፑንቲና አስፈለገ። ከካምቢዮው ውስጥ የተቀነሰው ማርሽ በማቀጣጠያው ላይ ተጨማሪ የክፍተት ልኬት ሆኖ ተመለሰ። ጋሪው ወደ ፊት እየሄደ ወደ ኋላ እንቢ ሲል ሞተሩን መፍታት የጀመረ ሜካኒክ በከንቱ ይደክማል፤ አስቀድሞ ማየት የሚገባው ሁለተኛውን ፑንቲና ነበርና።

ፔዳሉና ባትሪው

ብዙዎቹ የቤንዚን ጎልፍ ጋሪዎች በባዶ እየተንቀራፈፉ አይቆሙም። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩ ይነሣል፤ ፔዳሉን ሲለቅ ይጠፋል። ይህ ለጸጥታም ለቤንዚን ቁጠባም ተብሎ የተደረገ ነው። ውጤቱ ግን አንድ የከተማ መኪና በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያደርገውን ማስነሣት ይህ ጋሪ በየምቱ መካከል ያደርገዋል። ለዚህ ተብሎ ሞተሪኖና ዲናሞ በአንድ አካል ተጣምረው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያያዙ፤ ያው ዕቃ ሞተሩን አስነሥቶ ወዲያው ባትሪ ወደ መሙላት ይዞራል።

ስለዚህ ጋሪው «የቤንዚን» ይባል እንጂ የጥገናው ትልቅ ክፍል ኤሌክትሪክ ነው። የባትሪውን ውኃ ልክ መጠበቅ፣ በምሰሶዎቹ ላይ የሚያብበውን ነጭ ዝገት ማጠብ፣ የዲናሞውን ከሰል መለወጥ፣ የቺንጋውን ውጥረት መመልከት የየወሩ ሥራ ሆኖ ተጻፈ። ሞተሩ ደከመ ተብሎ ካርቡራቶር ሲፈታ፣ ጥፋቱ የላላ የባትሪ ገመድ ሆኖ መገኘቱ በጋራዥ የተለመደ ነው።

ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውም ሌላ ቺንጋ ነው። ሁለት የሚሰፉና የሚጠቡ ፑሌጃዎች ያሉበት ይህ ዘዴ ዳፍ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1958 ባቀረበው ትንሽ አውቶሞቢል ላይ ዓለም ያወቀው ዘዴ ዘመድ ነው። ፍሪሲዮን መርገጥም ማርሽ መለወጥም ቀረ። ይሁን እንጂ ቺንጋው ከጎኑ በተበላ ቁጥር በፑሌጃው ውስጥ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ ጋሪውም ፍጥነቱን ያጣል። እዚህ ላይ ቅን ልቡና ራሱ ጥፋት ያመጣል፤ የሚንሸራተት ነገር ሁሉ ግራሶ ይፈልጋል ብሎ የፑሌጃውን ፊት የቀባ ሠራተኛ ቺንጋው የሚይዝበትን ኃይል ያጠፋዋል።

የአራት ምት ሞተር መምጣት

በ1980ዎቹ አጋማሽ ያማሃ በጎልፍ ጋሪው ላይ የአራት ምት ሞተር ሲያውል፣ ሌሎቹም ኩባንያዎች ቀስ በቀስ ወደዚያው አመሩ። በቀላሉ የሁለት ምት ሞተር ውስጥ ከገባው ቤንዚን ብዙው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ስለሚያመልጥ ወጪውም ሽታውም ከፍተኛ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የደነገገው የመጀመሪያ የጭስ ልክ ከ1997 የምርት ዓመት ጀምሮ ሲጸና ይህን አካሄድ አጠናከረው።

ዘይት ከቤንዚን መደባለቅ በዚህ ፈጽሞ ቀረ፤ ከሰል መፋቅም በእጅጉ ተቀነሰ። በቦታቸው ግን ዘይት መለወጥ፣ ፊልትሮ መለወጥና የቫልቭን ክፍተት መለካት መጡ። የዘይት መለወጫው ጊዜ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሥራ ሰዓት የሚቆጠር ሲሆን፣ በብዙ መምሪያዎች 100 ወይም 125 ሰዓት አካባቢ ነው። ከሰዓቱ ጎን «ወይም በወራት» የሚል ቃል የተጨመረውም ያለ ምክንያት አይደለም። በየጥቂት ደቂቃ የሚጠፋ ሞተር ዘይቱ በሚገባ ስለማይሞቅ፣ የውኃ እንፋሎትና ያልተቃጠለ ቤንዚን በዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። ብዙ ያልሠራ ሞተር ዘይቱ አልተበላሸም የሚለው ግምት ስለዚህ ስሕተት ነው፤ ጥቂት የሠራው ሞተር ዘይት አንዳንዴ ብዙ ከሠራው ይልቅ የከፋ ሆኖ ይገኛል።

ሞተሩ በሁለቱም ዘመን በአየር የሚቀዘቅዝ ሆኖ ቆየ። የተቆረጠ ሣርና አቧራ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ሲጠቀጠቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በአየር ፊልትሮው አልፎ የገባ አቧራም ከዘይት ጋር ተደባልቆ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ስለሆነም ክንፎቹን መጥረግና ፊልትሮውን መመልከት የሚሉት መስመሮች ከሁለት ምት ወደ አራት ምት ሠንጠረዥ እንዳሉ ተሻገሩ። ሞተሩን የሠራው ኩባንያ ቢለወጥም አቧራው አልተለወጠምና።

ቤንዚኑ ሲለወጥ

ሠንጠረዡ የሚለወጠው ሞተሩ ሲለወጥ ብቻ አይደለም። ቶማስ ሚጅሊ በ1921 የሞተርን መንኳኳት የሚከለክል መሆኑን ያረጋገጠው የእርሳስ ውህድ ለብዙ ዘመን ካንዴላን ሲያቆሽሽ ኖሯል፤ የሰው ጤናን መጉዳቱ ታውቆ በየአገሩ ሲከለከል ካንዴላውም ዕድሜ አገኘ። በተራው ደግሞ ኤታኖል መጣ። በኢትዮጵያም በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ እንደነበር ይታወሳል። ኤታኖል ውኃ ይስባል፤ ለእርሱ ያልተሠራ የጎማ ቱቦንም ያለሰልሳል። በክረምት ለወራት የሚቆም የጎልፍ ጋሪ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን፣ ከማቆም በፊት ካርቡራቶሩን ማድረቅ ወይም መከላከያ መድኃኒት መጨመር በሠንጠረዡ ላይ ቦታ አገኘ።

ከ2010ዎቹ ወዲህ በኤሌክትሮኒክ የሚመጠን የቤንዚን መርጫ ካርቡራቶሩን ከብዙ አዳዲስ ጋሪዎች አስወጥቶታል። ቀዳዳ በሽቦ መጥረግ የቀረ ቢመስልም፣ የቤንዚን ፓምፕና ጠቋሚ መሣሪያዎች በቦታው ገብተዋል፤ ጥፋቱን ለማንበብም ጠመንጃ መፍቻ ብቻ አይበቃም። ሸክሙ አሁንም አልጠፋም፤ ከእጅ ወደ ዕውቀት ተዛወረ እንጂ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ከጎልፍ ሜዳ አጥር የሚያልፍ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የሚመላለሰው ባጃጅም በ200 ሲሲ አካባቢ ባለ ነጠላ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የሚሠራ፣ ከሁለት ምት ወደ አራት ምት የተሸጋገረ፣ ኃይለኛ አቧራ የሚገጥመው ዘመድ ነው። በእርሱ ላይ የሚተዳደረው ቤተሰብ ዕድል በአየር ፊልትሮና በአንድ ሊትር ገደማ ዘይት ላይ የተመሠረተ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በጎልፍ ሜዳ የቆመ ጋሪ ጨዋታ ያስተጓጉላል፤ በከተማ የቆመ ባጃጅ ግን የዕለት እንጀራ ያሳጣል።

«ጥገና አይፈልግም» የሚለው የሻጭ ቃል ስለዚህ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቫልቭ ሲቀር ዘይት መደባለቅ መጣ፤ መደባለቅ ሲቀር ዘይት መለወጥ መጣ፤ የኋላ ማርሽ ሲቀር ሁለተኛ ፑንቲና መጣ፤ ካርቡራቶር ሲቀር የጥፋት ማንበቢያ መሣሪያ መጣ። ለውጡ ሁሉ መሻሻል ነበር፤ አንዱም ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ንድፍ የሚሠራ መሐንዲስም ሆነ ዕቃ የሚመርጥ የግዥ ኮሚቴ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ጥገናው ምን ያህል ነው የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው በማን እጅ ላይ ይወድቃል፣ ያ ሰውስ መሣሪያውና ሥልጠናው አለው ወይ የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው በሻጩ ማስታወቂያ ላይ ሳይሆን በጥገና ሠንጠረዡ ላይ ነው፤ ሠንጠረዡም መነበብ ያለበት ዋጋው ከመፈረሙ በፊት ነው።