በየካ የኤሌክትሪክ ሻጭ ይመረጣል?

በእንግሊዝ ደንበኛው ኤሌክትሪክ የሚሸጥለትን ኩባንያ ይመርጣል። በየካም ሆነ በእንጦጦ ግርጌ ግን ሻጩ አንድ ነው። ብዙዎች ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚሉት ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ ኃይል ማመንጨቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል።

ለነዋሪው የቀረው ምርጫ በቆጣሪውና በምጣዱ ላይ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ቢበራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በወር ስምንት ጊዜ ከተጋገረ 56 ይሆናል። ዝቅተኛው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በ50 ያበቃል። ስለዚህ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ በቀላሉ ወደ ውዱ እርከን ይገባል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን ያነደደው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢመስልም ጭሱ ለጋጋሪዋ፣ ሸክሙ ለእንጨት ለቃሚዋ ይተርፋል። አከራይና ተከራይ ተስማምተው የየራስ ቆጣሪ ቢያስገቡ ይሻላል፤ ስለ አሠራሩ በ905 መጠየቅ ይቻላል።