የሕፃኑ ቃል፦ የሕፃናት መብት ከጄኔቭ እስከ ጎጃም ደጋ

የሕፃናት መብት የሚለው ሐሳብ የመንግሥታት መነጋገሪያ ከሆነ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የወጡት መግለጫዎችና ስምምነቶችም ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ለመምህርና ለዕቅድ አውጪ የሚጠቅመው የሰነዶቹን ስም መደርደር ሳይሆን፣ በጄኔቭ፣ በኒው ዮርክና በአዲስ አበባ የተጻፈው ቃል ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ከምትኖር ልጅ ዘንድ በምን መንገድ እንደ ደረሰ፣ ደርሶስ ምን እንደ ለወጠ መመርመር ነው። ምርመራው አንድ ነገር በጉልህ ያሳያል። ይኸውም፣ ሕግ ሕፃኑን በሚገባ የሚጠብቀው፣ ሕፃኑ ራሱ የሚናገርበትና ቃሉም የሚሰማበት ቦታ በተገኘ ጊዜ መሆኑን ነው።

ሀ. በአገሩ ልማድ የሕፃኑ ቃል የነበረው ስፍራ

በጎጃም ደጋ ልጅ የሚናገርበት ቦታ ጨርሶ አልነበረም ማለት ስሕተት ይሆናል። እንደ ደብረ ኤልያስና እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉት የአካባቢው ጉባኤ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ብቻ አያጠናም፤ ለብቻው ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም አዳምጦ ያርመዋል። ተማሪው የራሱን ሐሳብ አውጥቶ ይናገር የሚለው ትምህርታዊ መርሕ እንግዳ ደርሶ ከውጭ ያመጣው አለመሆኑን ለማስረዳት ይህ ሥርዓት ይበቃል።

ነገር ግን ይህ ዕድል በጉባኤ ቤቱ አጥር የተወሰነ፣ በአብዛኛውም የወንዶች ብቻ ነበር። የልጁን ኑሮ በሚመለከት ጉዳይ የሚቈርጡት ወላጆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሣሉት በዛብህ፣ ወላጆቹ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ መሆኑ የዚህን ልማድ ክብደት ያሳያል። በሴት ልጅ በኩል የዚህ ዐይነቱ ውሳኔ ዋነኛ መገለጫ ጋብቻ ነበር። ወላጆች ልጃቸውን በለጋ ዕድሜዋ የሚድሩት ስለሚጠሏት አልነበረም፤ ዝምድና ለማጥበቅ፣ የልጅቱን ክብር ለመጠበቅና «ቆሞ ቀር» ከሚለው ስም ለማዳን ነበር እንጂ። ያም ሆኖ በዚህ ሁሉ ምክክር ውስጥ ልጅቱ አትጠየቅም ነበር።

ለ. ከተቀባይነት ወደ ተናጋሪነት

የዓለም መንግሥታት ማኅበር የጄኔቭን የሕፃናት መብት መግለጫ ያጸደቀው በመስከረም 1917 ዓ.ም. ነው። የመግለጫው ጠንሳሽ በ1911 ዓ.ም. በለንደን የሕፃናት አድን ድርጅትን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት እንግሊዛዊቷ ኤግላንታይን ጄብ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በመስከረም 1916 ዓ.ም.፣ ወደ ማኅበሩ ገብታ ስለ ነበር መግለጫው ሲጸድቅ አባል ነበረች። የመግለጫው አምስት ነጥቦች የተራበው ሕፃን እንዲመገብ፣ የታመመው እንዲረዳ፣ በመከራም ጊዜ ለሕፃን ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያሳስቡ ናቸው።

በኅዳር 1952 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣው ሁለተኛው መግለጫ መርሖቹን ወደ 10 አሳድጎ፣ ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነፃና ግዴታ እንዲሆን ጠየቀ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሃያ ዓመት ውስጥ ለሁሉም ሕፃናት እንዲዳረስ ዐቀደ። ዕቅዱ በተባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ባይፈጸምም ለትምህርት ዕቅድ መነሻ ሆኖ አገልግሏል። በእነዚህ ሁሉ ሰነዶች ውስጥ ግን ሕፃኑ ተቀባይ እንጂ ተናጋሪ አልነበረም።

ለውጡ የተጀመረው ፖላንድ በ1970 ዓ.ም. መንግሥታትን በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት እንዲወጣ ሐሳብ ባቀረበች ጊዜ ነው። ወዲያውም ዓለም አቀፍ የሕፃናት ዓመት ተከበረ፤ ከአሥር ዓመት ገደማ ድርድር በኋላም ስምምነቱ በኅዳር 1982 ዓ.ም. ጸደቀ። አንቀጽ 12 ሕፃኑ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ አስተያየቱን እንዲገልጽ፣ አስተያየቱም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። አንቀጽ 42 ደግሞ መንግሥታት ስምምነቱን ለዐዋቂዎች ብቻ ሳይሆን ለሕፃናትም እንዲያስታውቁ ያስገድዳል።

በሐምሌ 1982 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ያጸደቀው የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተር በአንድ ነገር ከዚህ አልፎ ሄደ። ዓለም አቀፉ ስምምነት ስለ ጋብቻ ዕድሜ በቀጥታ ሳይናገር፣ ቻርተሩ የሕፃናትን ጋብቻ ከልክሎ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆን ወሰነ። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን ስምምነት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ስትቀበል፣ በራሷ ዋና ከተማ የጸደቀውን ቻርተር የተቀበለችው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው።

ሐ. ሕጉና መንደሩ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ በ15 ዓመት ወስኖ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ካወጀ በኋላ፣ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረገው፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ዐወጀ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በበኩሉ ዕድሜዋ ካልደረሰ ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል።

ሕጉ ይህን ያህል ጠንካራ ሲሆን ሥራው የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በገጠር የልጅቱን ዕድሜ የሚመሰክሩት የሚድሯት ወላጆች ራሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት የአገሪቱ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አሳይቷል።

መ. የሞሰቦ ሙከራ

ሕጉ ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በምዕራብ ጎጃም በሚገኘው ሞሰቦ ቀበሌ በሌላ መንገድ ተሞከረ። «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ፕሮግራም ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. የተካሄደው በክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮና በፖፑሌሽን ካውንስል ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድም ረድቶታል። ልጃገረዶች በሴት አማካሪዎች መሪነት በቡድን እየተሰበሰቡ ይነጋገሩ ነበር። ለሚማሩት የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸው፣ ላልተማሩት ደግሞ ኢመደበኛ ትምህርት ይዘጋጅላቸው ነበር። ወላጆችና ሽማግሌዎችም በየጊዜው በማኅበረሰብ ውይይት ይገናኙ ነበር። ልጅቱ ሳትዳር ፕሮግራሙን በትጋት ከተከታተለች በመጨረሻ ለእርሷና ለቤተሰቧ አንድ የቤት እንስሳ ይበረከትላቸዋል።

ውጤቱ ፕሮግራሙ ካልነበረበት ሌላ ቀበሌ ጋር ተነጻጽሮ ተመረመረ። ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት የሞሰቦ ልጃገረዶች የማግባት ዕድላቸው ከሌላው ቀበሌ አንድ ዐሥረኛ ያህል ሆነ፤ በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸውም በሦስት እጥፍ በለጠ። ይሁንና ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት መካከል ያገቡት በሞሰቦ በዝተው ተገኙ። ይህ ጋብቻው እንደ ዘገየ እንጂ እስከ ሕጋዊው ዕድሜ ድረስ እንዳልቆመ ያመለክታል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ሥራ ያስገኘው ፍሬ ዘላቂ የሚሆነው ልጅቱ ከፍ ወዳለው ክፍል የምትሻገርበት ትምህርት ቤት በአቅራቢያዋ ሲኖር ነው።

ሠ. የመምህራንና የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለትምህርት ቤት ቅርብ ነው። ልጅቱ ስለ ጋብቻዋ በቤቷ ለመናገር ባትደፍር፣ ለመምህሯ ወይም ለክፍል ጓደኛዋ ልትናገር ትችላለች። በጥር የሰርግ ወራት መዳረሻ በስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው የ«ቀሪ» ምልክትም ከማንኛውም ክስ ቀድሞ የሚደርስ ማስታወቂያ ነው። በመሆኑም የሴት ተማሪዎች ክበብ የታመነች መምህርት እንድትመራው፣ ልጅቱ የተናገረችው ቃል ከወላጅ ቁጣ ተጠብቆ ለሚመለከተው ክፍል እንዲደርስ፣ የስምምነቱም ፍሬ ነገር ልጆች በሚገባቸው አማርኛ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ዕቅድ አውጪውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ርቀት ሲለካ የጋብቻን ዕድሜም አብሮ እየለካ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ የተቋረጠው የፊደልና የስሌት ትምህርት ብቻ አልነበረም። ልጅቱ «አላገባም» ብላ የምትናገርበት ቦታም አብሮ ተዘግቷል። እንግዲህ ለተዘጋ ትምህርት ቤት መልሶ መከፈት ዕቅድ ሲወጣ፣ ከጣሪያውና ከወንበሩ ጥገና ጎን፣ የቀሩትን ልጃገረዶች ስም ከነበራቸው መዝገብ አውጥቶ በየቤታቸው መፈለግ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ሊሆን ይገባል።