ሕገ መንግሥቱ 9 ክልል ይላል፤ እኛ 12 እንቆጥራለን። እንዴት?

ሕገ መንግሥቱን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ አንቀጽ 47ን እዩት። የተዘረዘሩት ክልሎች 9 ናቸው። ዛሬ ያሉት ግን 12 ናቸው። ዝርዝሩ ውስጥ በስም የተጠቀሰው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ደግሞ አሁን የለም። ታዲያ ጽሑፉ ሳይሻሻል ክልሎቹ እንዴት በዙ? ባጭሩ እንየው።

📌 መንገዱ ምን ይላል?

መልሱ እዛው አንቀጽ 47 ውስጥ አለ።

1. የብሔሩ ወይም የብሔረሰቡ ምክር ቤት ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል፤ ለክልሉ ምክር ቤትም በጽሑፍ ያቀርባል።
2. የክልሉ ምክር ቤት በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል።
3. አብዛኛው ድምፅ ከደገፈው ሥልጣኑን ያስረክባል።
4. አዲሱ ክልል ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው በቀጥታ የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል።

📌 በተግባርስ?

👉 ሲዳማ፦ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም ድምፅ ተሰጠ፤ ድጋፉ 98.5 በመቶ ነበር።
👉 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፦ ሕዝበ ውሳኔው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ምሥረታው ኅዳር ላይ።
👉 ደቡብ ኢትዮጵያ፦ 6 ዞኖችና 5 ልዩ ወረዳዎች ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም ድምፅ ሰጡ። ወላይታ ላይ ሰኔ 12 ተደገመ። ክልሉ ነሐሴ ላይ ተመሠረተ።
👉 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፦ ከቀድሞው ደቡብ የቀሩት አካባቢዎች ናቸው። እዚህ ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደም።

📌 እና እኛን ምን አገባን?

አንደኛ፣ ጉዳይ ማስፈጸም ተቀይሯል። ድሮ የክልል ጉዳይ ያለው ሰው ሐዋሳ ይሄድ ነበር። አሁን ለምሳሌ የደቡብ ኢትዮጵያ ቢሮዎች ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። ስለዚህ የትራንስፖርት ብር ከማውጣታችሁ በፊት የምትፈልጉት ቢሮ የት ከተማ እንዳለ ጠይቁ።

ሁለተኛው ብዙ አይወራም፦ ክልል በጨመረ ቁጥር ሕገ መንግሥት የማሻሻል ስሌትም ይቀየራል። በአንቀጽ 105 መሠረት አብዛኞቹን አንቀጾች ለማሻሻል ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መደገፍ አለባቸው። ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። ክልሎቹ 9 እያሉ 6 ይበቃ ነበር፤ አሁን 8 ያስፈልጋል።

ምዕራፍ 3 ላይ ያሉት መብቶች ደግሞ ይብሳሉ። እነሱን ለመንካት ሁለቱ ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ፣ የክልል ምክር ቤቶች ደግሞ ሁሉም ማጽደቅ አለባቸው። አንዱ እምቢ ካለ አለቀ! ብዙ የሚያከራክረው አንቀጽ 39 ያለው እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ነው።

ስለዚህ «ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል» ወይም «አይነካ» የሚል ክርክር ስታዩ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የትኛው አንቀጽ? የሚያስፈልገው ድምፅ የሚታወቀው ከዛ በኋላ ነው።