አበባየሆሽ
የዕንቁጣጣሽ የልጃገረዶች ጨዋታ። በአዲስ አበባ፣ በእሪ በከንቱና በሌሎች የአራዳ ሰፈሮች ልጃገረዶች የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር፤ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበሉ ነበር። ተፈጥሮን በቃል ከማወደስ አልፎ በእጅ የሚያስይዝ ጨዋታ ስለሆነ፣ ከዕፅዋት ጥበቃ ነጥሎ ማየት ስሕተት ነው። መቅጠፉ ራሱ ጥፋት አይደለም ወይ? አይደለም፤ አደይ በክረምት በቅሎ በመስከረም የሚፈካ፣ በየዓመቱ ከዘሩ የሚታደስ ተክል ነው። ከሜዳው እፍኝ ቢቀነስ አይጎዳውም፤ የሚያጠፋው ዘሩ የሚወድቅበት መሬት ሲገነባበት ነው። ሰፈሩም ለጨዋታው እንደ ሜዳው ያስፈልገዋል፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ፣ ልጆቹን በስም የሚያውቁ ጎረቤቶች ተበታትነዋል። መድረክ ዜማውን ያቆያል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው፣ ሣሩን የሚያበቅል መስክና የሚንኳኳ በር ግን መድረክ ላይ አይገኝም።